ባልቲክን በመርከብ ከልጅ ጋር፦ የትኛው መስመር ይሻላል?

በዚህ እትም ሶስት ደብዳቤ ነው የመረጥኩት፣ ሶስቱም የሰሜን አውሮፓው የባልቲክ ባህር ጉዳይ ስለሆኑ አንድ ላይ ቢሄዱ ይሻላል ብዬ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ነገር ስለሚያነሳ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ። ዓመተ ምህረት ስጽፍ "ዓ.ም." ያላልኩበት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። እኔና ባለቤቴ አራት ኪሎ ነው የምንኖረው፣ አንድ የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ወንድሜ ስቶክሆልም ነው ያለው፣ በክረምቱ ኑ ኑ እያለ ሲለምነን ከርሞ አሁን ደሞ በዛው ባልቲክ ላይ በክሩዝ (በመዝናኛ መርከብ) ዞር ዞር በሉ ግማሹን ወጪ እኔ እችላለሁ አለን። ፒያሳ አንድ ትራቭል ኤጀንት ጋ ሄደን ሶስት ፕሮግራም ሰጡን። አንደኛው ከእንግሊዝ ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ 14 ሌሊት ብዙ ሀገር የሚያዳርስ ነው፣ ሁለተኛው ከኮፐንሃገን ተነስቶ 7 ሌሊት ሆኖ በርሊንን ጨምሮ በየቀኑ አንድ ከተማ አለው፣ ሶስተኛው ከስቶክሆልም ተነስቶ ሄልሲንኪ (ፊንላንድ)፣ ታሊን (ኢስቶኒያ)፣ ሪጋ (ላትቪያ) እና ቪስቢ የምትባል የስዊድን ደሴት ላይ ያለች ከተማ አይቶ ሁለት ቀን ባህር ላይ ውሎ ስቶክሆልም ይመለሳል፣ እሱም 7 ሌሊት ነው። ባለቤቴ ብር ከወጣ አይቀር ብዙ ሀገር እንይ ባይ ነው፣ እኔ ደሞ ልጁ እንዳይደክምብኝ እንዳይሰለችብኝ ፈራሁ፣ ባህር እንኳን አይቶ አያውቅም። ስለቪዛው ደሞ የምንጠይቀው ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚነግረን። እባክህ ምከረን።
እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ ሳላንዛዛ ልንገርሽ፣ ሶስተኛውን ያዙ። የባለቤትሽ ሀሳብ ይገባኛል፣ በዚ ኑሮ ውድነት ያን ያህል ብር ወጥቶ ብዙ እንይ ማለቱ አይገርምም። ግን የ8 ዓመት ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ መታየት ያለበት ልጁ በየከተማው መሬት ረግጦ የሚሮጥበት ስንት ሰዓት አለው የሚለው ነው፣ አውቶብስ ውስጥ ያለቀ ሰዓት አይቆጠርም። በዚህ ሲለካ ሶስተኛው ሁለቱንም በሰፊው ይበልጣቸዋል፣ ቪዛውም ወደዛው ነው የሚገፋችሁ።

ቪዛውን እናስቀድም፣ ምክንያቱም የኛን ፓስፖርት ለያዘ ሰው ግማሹን መስመር የሚመርጠው ቪዛው ነው፣ ፈረንጆቹ ስለዚ ጉዳይ ስለማያስቡ የነሱ ምክር ውስጥ አታገኙትም። ባልቲክ ዙሪያ ያሉት ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያ፣ ሊቱዌኒያ፣ ፖላንድ እና ጀርመን በሙሉ ሸንገን ናቸው፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ ሀገሮች ውስጥ ናቸው፣ እንግሊዝ ግን አይደለችም። ስለዚ የሳውዝሃምፕተኑ መርከብ የእንግሊዝ ቪዛም የሸንገን ቪዛም ይጠይቃችኋል፣ ሁለት ክፍያ ሁለት ወረፋ ማለት ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የአውሮፓ ህብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሰራሩን አጥብቋል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥና መደበኛው የማየት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲሆን ወስኗል። እና በመርከብ ዞራችሁ እንግሊዝ ከወረዳችሁ በኋላ ወንድምሽን ለማየት ስቶክሆልም ልግባ ብትሉ ሁለተኛ መግቢያ ነው የሚሆነው፣ በአንድ ጊዜ ቪዛ አትገቡም። ሶስተኛው መስመር ላይ ግን ስቶክሆልም ትገባላችሁ፣ መርከቡ ሄልሲንኪ ሲቆም ታሊን ሲቆም ከሸንገን ወጣችሁ አይባልም፣ ስቶክሆልም ተመልሳችሁ ከዛው ወደ ቦሌ። አንድ መግቢያ አንድ መውጫ፣ በቃ።

የትኛው ኤምባሲ ነው የምናመለክተው ለሚለው ህጉ ብዙ ቀን የምትቆዩበት ሀገር ነው የሚለው፣ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት። እናንተ ከመርከቡ በፊትና በኋላ ወንድምሽ ቤት ስለምታድሩ ስዊድን ናት፣ የሱም የግብዣ ደብዳቤ ከመስመሩ ጋር ይገጥማል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ፣ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ አሻራ አይሰጥም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ስለሚቻል ለሐምሌ ከሆነ ጥር ላይ ጀምሩት፣ የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ከወሳኝ ኩነት ያላወጣችሁ ከሆነ ደሞ አሁኑኑ።

አንድ ነገር አደራ የምልሽ፣ የመርከቡን ሙሉ ክፍያ ቪዛው ሳይመታ እንዳትከፍሉ። አብዛኞቹ የክሩዝ ድርጅቶች ቀብድ ተቀብለው ቀሪውን ከመነሻው ከ60 እስከ 90 ቀን ሲቀረው ነው የሚጠይቁት፣ ኤጀንቱን ቀብዱ ይመለሳል ወይ፣ የመጨረሻው መክፈያ ቀን መቼ ነው ብላችሁ በጽሁፍ አስይዙት፣ ከዛ 45 ቀኑን ከመክፈያው ቀን ወደኋላ ቁጠሩ። በዚ ምንዛሬ የማይመለስ ትኬት ቆርጦ ቪዛ መከልከል ምን እንደሚያደርግ ለናንተ አልነግርም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ፣ የ"በርሊኑ"። በርሊን ባህር የላትም። መርከቡ የሚቆመው ቫርነሙንደ የሚባል ወደብ ላይ ነው፣ ሮስቶክ አጠገብ፣ ከዛ እስከ በርሊን 230 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ በባቡርም ሆነ በአውቶብስ መሄጃ ሶስት ሰዓት መመለሻ ሶስት ሰዓት ያዙ። ልጁ ጠዋት በእንቅልፉ ተነስቶ ስድስት ሰዓት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሶስት አራት ሰዓት ከተማ አይቶ መመለስ ማለት ነው፣ እኔ ለልጅ አልመክርም፣ ለአዋቂም ቢሆን ከባድ ነው። የግድ ያንን መስመር ከያዛችሁ እንኳን በርሊንን ተዉትና እዛው ቫርነሙንደ ዋሉ፣ አሸዋማ የባህር ዳርቻ አለ፣ ወይ ባቡር የሚወድ ልጅ ከሆነ ባድ ዶበራን የምትባል ትንሽ ከተማ ሂዱ፣ ከ1886 ጀምሮ የሚሰራ ሞሊ የሚባል የእንፋሎት ባቡር አለ፣ እየጮኸ በከተማዋ መንገድ መሀል ከሱቆቹ አጠገብ ነው የሚያልፈው።

ከዚህ የሚማሩት ኤጀንቱ የከተማ ስም ሲጠራላችሁ "ወደቡ ራሱ የት ነው?" ብሎ መጠየቅን ነው። የፖላንዷ ግዳንስክ ሲባል መርከቡ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ጎረቤቷ ግዲኒያ ነው፣ ከዛ በባቡር ትሄዳላችሁ። የናንተውን ስቶክሆልምም ጠይቁ! ትልልቆቹ መርከቦች ብዙዎቹ ኒነስሃምን የሚባል ወደብ ላይ ነው የሚቆሙት፣ ከስቶክሆልም 60 ኪሎሜትር ገደማ ደቡብ፣ በከተማ ዳርቻ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል። ከከተማው ወደብ የሚነሳ መርከብ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ፣ ምክንያቱም ስቶክሆልም ፊት ለፊት ወደ 30,000 የሚጠጉ ደሴትና ቋጥኞች አሉ፣ መርከቡ ለሰዓታት በነሱ መሀል እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፣ ባህር አይቶ ለማያውቅ ልጅ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም፣ ግራና ቀኝ ቤት ዛፍ ጀልባ እያየ ስለሚሄድ ድንገት ውሀ ብቻ አይሆንበትም።

ባህሩን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ። ባልቲክ ዙሪያውን በመሬት የተከበበ ነው፣ በጋቸው ላይ ብዙ ጊዜ ረጋ ያለ ነው፣ ማዕበል የበዛበትን ሰሜን ባህር የሚያቋርጠው ደሞ ያ ከእንግሊዝ የሚነሳው መርከብ ነው። ቢሆንም ካቢን ስትመርጡ መርከቡ ወገብ ላይ ዝቅ ካለው ፎቅ ያዙ፣ እዛ መወዛወዙ ይቀንሳል። የማቅለሽለሽ መድሀኒት ለልጁ የሚሆነውን በኪሎው ልክ ከሀኪሙ ጠይቃችሁ ከዚሁ ያዙ፣ መርከብ ላይ ያለ ክሊኒክ ውድ ነው።

ከተሞቹን ደሞ በልጅ ዓይን እንያቸው። ስቶክሆልም ላይ ከወንድምሽ ቤት ሆናችሁ ከመርከቡ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለቫሳ ሙዚየም ስጡ። ቫሳ ጎንደር ከመቆርቆሯ 8 ዓመት በፊት፣ በ1628 የተሰራ የስዊድን ንጉስ የጦር መርከብ ነው፣ 64 መድፍ የጫነ፣ ቅርጻ ቅርጽ የሞላበት፣ የዘመኑ ኩራት። ነሐሴ 10 ቀን በፈረንጆቹ ህዝብ ወደቡ ላይ ተሰልፎ እያየው ሸራውን ዘረጋ፣ 1,300 ሜትር ያህል ሄደ፣ ነፋስ ገፋ አደረገው፣ ዘመም አለ፣ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሀ ገባና እዛው ሰመጠ። ምክንያቱ ከላይ ከብዶ ከታች መቅለሉ ነበር። 333 ዓመት ባህር ስር ከቆየ በኋላ በ1961 ሙሉውን አወጡት፣ አሁን ያ መርከብ 69 ሜትር ርዝመቱ አንድ ህንጻ ውስጥ ቆሞ በስድስት በሰባት ፎቅ ልክ እየዞሩ ነው የሚያዩት፣ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ አፉን ከፍቶ ነው የሚቆመው። ከ18 ዓመት በታች በነጻ ይገባል። ልጁ "እንዴት እንጨቱ አልበሰበሰም?" ካለ መልሱ ባህሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ባልቲክ ብዙ የወንዝ ውሀ ስለሚገባበት ጨዉ በጣም ትንሽ ነው፣ ሌላ ባህር ላይ እንጨት የሚቦረቡረው ትል እዛ አይኖርም። የባህር ዳር ስትደርሱ በጣቱ ነክሮ ይቅመሰው፣ ሲያድግም የሚረሳው አይመስለኝም።

ሄልሲንኪ ላይ የመርከቡ ወደብ ከከተማው ስለማይርቅ በትራም ትገባላችሁ። አራት ኪሎ ስለሆናችሁ ልጁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መመላለሱ አይቀርም፣ እንደዛ ከሆነ ኦዲ የሚባለውን የሄልሲንኪ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት አሳዩት፣ 2018 መጨረሻ ላይ ነው የተከፈተው፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ፓርላማው ፊት ለፊት፣ መግቢያው ነጻ። ሶስተኛው ፎቅ ላይ የልጆች ቦታ አለ፣ ሁለተኛው ላይ የልብስ ስፌት ማሽንና ስሪዲ ፕሪንተር ሰው ራሱ ገብቶ ይሰራበታል። ከዛ ከኦዲ ብዙም ሳይርቅ የኦሎምፒክ ስታዲየሙ አለ። እኔ ኢትዮጵያዊ ሄልሲንኪ ደርሶ እሱን ሳያይ ቢመለስ ይቆጨኛል። 2005 ላይ ጥሩነሽ 10,000ውንም 5,000ውንም ያሸነፈችው እዛ ነው፣ 5,000ው ላይ ደሞ ከ1ኛ እስከ 4ኛ የኛው ልጆች ነበሩ፣ ቀነኒሳም 10,000ውን እዛው ነው የወሰደው። የስታዲየሙ ማማ 72.71 ሜትር ነው፣ ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ አንድ ፊንላንዳዊ 1932 ላይ ጦር ወርውሮ ወርቅ ያገኘበት ርቀት ነው፣ በሊፍት ወጥቶ ከተማውን ማየት ይቻላል። ጊዜ ከተረፋችሁ ሱኦመንሊና ደሴት፣ ከገበያው አደባባይ በጀልባ 15 ደቂቃ፣ የድሮ ምሽግ ነው፣ ጨለማ መተላለፊያዎቹ ውስጥ በስልክ ባትሪ እያበሩ መግባት ልጆች ይወዳሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳትሉ፣ ሁለቱን ምረጡ።

ታሊን እናት የምታርፍበት ወደብ ነው፣ ከመርከቡ ወርዳችሁ በእግር ሩብ ሰዓት ብትሄዱ ግንብ፣ የጥበቃ ማማ፣ ኮረኮንች የድንጋይ መንገድ ውስጥ ናችሁ፣ አሮጌው ከተማ ከ1997 ጀምሮ ዩኔስኮ የመዘገበው ነው። ጋሪ የሚያስፈልገው ልጅ ቢሆን ኮረኮንቹ ያስቸግር ነበር፣ የናንተ ግን በእግሩ ነው። ባህሩ ዳር ሌንኑሳዳም የሚባል ሙዚየም አለ፣ ድሮ የባህር አውሮፕላን ማቆሚያ የነበረ፣ ውስጡ 1936 የተሰራ ሌምቢት የሚባል እውነተኛ ሰርጓጅ መርከብ ስላለ ልጁ ገብቶ ማለፍ ይችላል። ሪጋ ላይ ገበያውን አትለፉት፣ ዘፔሊን የሚባሉት ትልልቅ የአየር መርከቦች ያርፉባቸው በነበሩ አዳራሾች ብረት የተሰሩ አምስት ህንጻዎች ናቸው፣ አሳው፣ ዳቦው፣ ማሩ ሁሉ እዛ ነው። ቪስቢ ትንሽ ናት፣ የመካከለኛው ዘመን ግንቧ ዙሪያውን ይዟታል፣ እዛ ምንም ፕሮግራም አያስፈልግም፣ አይስክሬም ግዙለትና ግንቡን ይዛችሁ ሂዱ።

ያ ሁለት ቀን ባህር ላይ የሚባለው ደሞ ባለቤትሽን እንደብክነት ሊታየው ይችላል፣ ለልጁ ግን ዕረፍቱ እሱ ነው። ገንዳ፣ የልጆች ክለብ፣ ጨዋታ። ክለቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ፣ ልጁን በእድሜው ቡድን ያስገቡታል። ቋንቋውን ግን ጠይቁ፣ ለምሳሌ አይዳ የሚባለው የጀርመን ድርጅት መርከቦቹ ላይ የሚነገረው ጀርመንኛ ነው፣ ልጃችሁ የሚችለው እንግሊዝኛ ከሆነ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይውላል። ዋና የማይችል ከሆነም ከአሁን ጀምሮ አስተምሩት፣ መርከብ ላይ ብዙ ገንዳዎች ጠባቂ የላቸውም። መጀመሪያው ቀን ላይ የአደጋ ልምምድ አለ፣ ሰባት አጭር አንድ ረጅም ፊሽካ ይሰማል፣ ልጁን ቀድማችሁ ንገሩት እንዳይደነግጥ፣ የሱ ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ካቢናችሁ ውስጥ መኖሩንም ያኔውኑ አረጋግጡ።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ነገር ላክልበት፣ ጾሚ ከሆናችሁ። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ በመሀሉ ያለው ከረቡዕና አርብ በስተቀር ፍስክ ነው። ትምህርት ቤትም ተዘግቷል፣ ባልቲክም ሙቀቱ የሚደርስበት ጊዜ ነው፣ ቀን ላይ 20 ምናምን ዲግሪ፣ ከኛ አዲስ አበባ የበጋ አየር ብዙ አይለይም፣ ግን ጃኬትና የዝናብ ልብስ አይቀርም። ስለዚ ከሐምሌ 6 እስከ ሐምሌ 30 ያለውን መርከብ ያዙ። ፍልሰታ ላይ ብትወድቁም የጾም ምግብ አይጠፋም፣ ከመሳፈራችሁ በፊት በኤጀንቱ በኩል አሳውቁ፣ የአሳማ ስጋ እንደማትበሉም እዛው ላይ አስመዝግቡ፣ ቡፌው ላይ ሳያውቁ ማንሳት ቀላል ነው።

ሰዓቱ ደሞ ይመቻችኋል። በበጋቸው ሄልሲንኪ፣ ታሊን እና ሪጋ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ናቸው፣ ስቶክሆልምና ቪስቢ በአንድ ሰዓት ወደኋላ። ልጁ እንቅልፉ አይዛባም፣ የሚያስቸግረው ብርሀኑ ነው፣ ሐምሌ ላይ ሄልሲንኪ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ስለሆነ አልመሸም አልተኛም ይላችኋል፣ መጋረጃውን አጥብቃችሁ ዝጉ ወይም መስኮት የሌለው ካቢን ያዙ፣ ዋጋውም ይቀንሳል። መርከቡ የሚጠቀመውን ሰዓት በየቀኑ ካቢን ከሚገባው ወረቀት እዩ፣ 17:30 ካለ በኛ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ መሳፈሪያው ደሞ ከመነሻው ቀድሞ ይዘጋል፣ የቀረ ሰው አይጠበቅም። ስልካችሁንም ባህር ላይ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት፣ የመርከቡ ኔትወርክ ላይ ከገባ ሂሳቡ አይጣል ነው።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሌኒንግራድ ነበር የተማርኩት። የልጅ ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ የተማርኩበትን ከተማ ላሳየው ብዬ ስመኝ ኖሬያለሁ። ቀደም ሲል የባልቲክ መርከቦች እዛ ያድራሉ፣ ያለቪዛም ያስወርዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ። አሁን የሚሄድ አለ ወይ?
አያት፣ ከሜክሲኮ አካባቢ

መልስ፦ አባቴ፣ የሰሙት ትክክል ነበር። ድሮ የባልቲክ ክሩዝ ማለት ዋናው ሴንት ፒተርስበርግ (የእርስዎ ሌኒንግራድ) ነበር፣ መርከቦቹ ሁለት ቀን ይቆማሉ፣ ፈቃድ ባለው አስጎብኚ የሚወርድ ተሳፋሪ እስከ 72 ሰዓት ያለቪዛ ይፈቀድለት ነበር። 2022 ላይ የዩክሬን ጦርነት ከተነሳ በኋላ ግን የምዕራቦቹ የክሩዝ ድርጅቶች ወደቡን ከፕሮግራማቸው አውጥተውታል። ፊንላንድም ከሩሲያ ጋር ያላትን የየብስ ድንበር 2023 መጨረሻ ላይ ስለዘጋች ከሄልሲንኪ በባቡር ወይ በአውቶብስ እሻገራለሁ የሚባል ነገርም የለም። ስለዚህ ሁለቱን ጉዞ ይለያዩዋቸው፣ ለከተማዎ የሩሲያ ቪዛ አውጥተው በኛው አየር መንገድ ሞስኮ ይግቡ፣ ከሞስኮ በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ያህል ነው፣ እሱን የ10 ዓመት ልጅ በደንብ ይችለዋል።

የባልቲኩንም ከሄዱ ግን ለልጁ የሚያወሩለት አያጡም። የሄልሲንኪ ሴኔት አደባባይ ፊንላንድ በሩሲያ ስር በነበረችበት ዘመን የተሰራ ስለሆነ የሚያውቁትን ከተማ ያስታውስዎታል፣ የሩሲያው ንጉስ የዳግማዊ አሌክሳንደር ሀውልትም መሀሉ ላይ አለ፣ 1868 የተሰራው ኡስፔንስኪ የኦርቶዶክስ ካቴድራል ከዛ በእግር ነው። ታሊን ደሞ ለኛ የተለየ ቦታ ነው። የሩሲያው ገጣሚ የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል፣ ከኢትዮጵያ ምድር የሄደ ነው ሲባል የኖረው፣ የሩሲያው ንጉስ ታላቁ ጴጥሮስ ክርስትና ያነሳው ሰው፣ ከ1742 እስከ 1752 የዛችን ከተማ ጦር ሰፈር አዛዥ ሆኖ ነው የኖረው፣ ያኔ ሬቫል ትባል ነበር። የልጅ ልጅዎ ሳር ቤት ያለውን ፑሽኪን አደባባይ በታክሲ ሲያልፍ ስሙን ሰምቷልና ታሊን ላይ ቶምፔያ ኮረብታ ወጥታችሁ ታሪኩን ቢነግሩት ጥሩ ነው፣ ከእርስዎ የተሻለ ማንም አይነግረውም። ጴጥሮስ ለሚስቱ ማሰራት የጀመረው የካድሪዮርግ ቤተ መንግስትም እዛው ታሊን ነው፣ ፓርኩ ሰፊ ነው፣ የልጆች ሙዚየምም ውስጡ አለ።

ጥያቄ፦ እኛ ካዛንቺስ ነበርን አሁን ለገሃር አካባቢ ገብተናል። የ2 ዓመት ሴት ልጅ አለችን፣ ለስራ ስዊድን ስለምሄድ ቤተሰቤን ይዤ መሄድ አስቤያለሁ፣ ለክሩዝ የሚሆን አቅም ግን የለንም። ሌላ መላ አለ?
አባት፣ ከለገሃር

መልስ፦ አለ፣ እንዲያውም ለ2 ዓመት ልጅ ክሩዙ ብዙም አይሆናትም፣ የልጆች ክለቡ አብዛኛው ከ3 ዓመት ነው የሚጀምረው፣ ዳይፐር ያደረገ ልጅም ገንዳ ውስጥ አያስገቡም። ከስቶክሆልም ወደ ሄልሲንኪ ማታ ማታ የሚሄዱ ትልልቅ ፌሪዎች አሉ፣ ቫይኪንግ ላይን እና ታሊንክ ሲልያ የሚባሉ፣ አመሻሽ ላይ ተነስተው ጠዋት ይደርሳሉ፣ ካቢን አላቸው፣ የልጆች መጫወቻ ቦታ አላቸው፣ ሌሊት ላይ ኦላንድ ደሴት ጎራ የሚሉት ደሴቷ ከአውሮፓ ህብረት የግብር ክልል ውጪ ስለሆነች ከቀረጥ ነጻ ለመሸጥ ነው። ሄልሲንኪ ሁለት ቀን አድራችሁ በሁለት ሰዓት ፌሪ ታሊን ትሻገራላችሁ፣ 80 ኪሎሜትር ነው፣ ከታሊን ደሞ የማታ ፌሪ ስቶክሆልም ይመልሳችኋል። ካቢኑ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በክፍል ስለሆነ ሶስታችሁ በአንድ ዋጋ ትተኛላችሁ፣ የምትቆዩበትንም ቀን ራሳችሁ ነው የምትወስኑት፣ ልጅ ካመማት አንድ ቀን ጨምራችሁ ታድራላችሁ፣ ክሩዝ ላይ ይሄ የለም።

ቪዛው ከላይ ለእህታችን እንደጻፍኩት ነው፣ ሶስቱም ሀገር ሸንገን ስለሆነ አንድ መግቢያ ይበቃችኋል፣ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ የቪዛ ክፍያ የለበትም፣ ግን የራሷ ፓስፖርትና ማመልከቻ ያስፈልጋታል። ፓስፖርታችሁን ፌሪ ላይም ያዙ፣ ድንበር ባይኖርም ሲሳፈሩ መታወቂያ ይጠየቃል። አልጋዎቹ ላይና ታች ስለሆኑ ልጅቷ ታች ከእናቷ ጋር ትተኛ፣ ስትመዘግቡ ደሞ የህጻን አልጋ ወይም የአልጋ መከላከያ ይኑር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አስቀድሞ ላልጠየቀ አይቀመጥም።